ምላሷን የነከሰችው ጦረኛ

ስሜ ምህረት ነው። ታሪኬን ጨርሳችሁ ስሜን መልሳችሁ ብታዩት ታፌዙብኝ ይሆናል፤ አልቀየማችሁም። ሆሳዕና ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡትን ያደረገችው ፊደል ያልቆጠረች ሴት አይደለችም፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ነርቭ፣ ስለ ዘር ውርስ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳለች ስታስረዳ የምትውል መምህርት ናት። "ባለማወቅ ነው እኮ" ብሎ ሊያጽናናኝ የሚፈልግ ካለ ከወዲሁ ይተወኝ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፤ እኔ፣ እናታችንና ታናሽ እህቴ ጸጋነሽ አንድ ላይ እንኖራለን። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች እናከራያለን። በዚያ ጊዜ የነበሩት ህንዳዊቷ ዶክተር ሚታሊ ናቸው። ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማይበልጥ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። አራት ዓመት ከእኛ ጋር ሲኖሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ቆጮ በአይብ ስትልክላቸው ሳህኑን ባዶውን አይመልሱም ነበር፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያደርጉበታል።

ጸጋነሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። በእኛ አገር ይህ በሽታ እንዴት እንደሚደበቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰው መሃል ብትወድቅ ገሚሱ ክብሪት ይለኩሳል፣ ገሚሱ ይሸሻል። አረፋዋ የነካው ሰው ይይዘዋል ይባላል። እኛም ደበቅናት። ሠርግ አትሄድም፣ ለቅሶ አትሄድም፣ ገበያ ብቻዋን አትላክም። ዘመድ ሲጠይቅ "ጨጓራዋን ያማታል" እንላለን።

እኔ ደግሞ በቤተክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ውስጥ ስሜ የተጠራ ነበርኩ። ስጾም ሦስት ቀን፣ ስጸልይ ጉልበቴ እስኪላጥ። "ምህረትን ሰይጣን ሲያያት መንገድ ይቀይራል" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ቀልዱን እወደው ነበር። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ ጸጋነሽ አንድም ቀን ሳትወድቅ ስድስት ወር አለፈ። በማን ጾም ይመስላችኋል? በእኔ ነዋ! ቡድናችን ፊት ቆሜ መሰከርኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ከደበቅኩ ሌላውን ባልጽፈው ይሻላል። ታጭቼ ነበር። ኤርሚያስ ይባላል፣ የዱራሜ ልጅ ነው፣ የመንገድ መሐንዲስ። ሽማግሌዎቹ በጥቅምት መጨረሻ ሊመጡ ቀን ተቆርጧል። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የሙሽራዋ ዘር ይጣራል። ጋኔን ቢሆን ይወጣል፣ ወጣ ይባላል፣ ያልቃል። በሽታ ከሆነ ግን "በዘር ነው" ይባላል፤ እኔም ወልጄ ልጄን እንደሚጥለው ይታሰባል። ስለዚህ የእህቴ ነገር ጋኔን እንዲሆን ፈለግሁ። አያችሁ? አመንኩ አላልኩም፣ ፈለግሁ ነው ያልኩት።

የዶክተርን ጣዖት መጀመሪያ ያየሁት በዚያው መስከረም ነው። ውሃ የምትመጣበት ተራችን ነበርና ጀሪካኖችዎን ያውጡ ልላቸው በራቸውን አንኳኳሁ። ሲከፍቱልኝ መደርደሪያው ላይ አየኋት። ከሸክላ የተሠራች፣ ክንድ የማትሞላ፣ ጥቁር ሴት። አራት እጅ አላት። ባንዱ ሰይፍ፣ ባንዱ የተቆረጠ የሰው ራስ በጸጉሩ ይዛለች። አንገቷ ላይ የራስ ቅል እንደ ዶቃ ተሰክቷል። ቀይ ምላሷ አገጯ ላይ ተዘርግቷል። እግሯ ስር ደግሞ አንድ ወንድ ተንጋሎ ተኝቷል፣ ደረቱን ረግጣ ቆማለች።

"የኢየሱስ ያለህ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

እሳቸው ሳቁ። "ግቢ፣ አትነክስም" አሉኝ በእንግሊዝኛ። ከእሳቸው ጋር የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛቸው ለገበያና ለባጃጅ ብቻ ነበር የሚበቃው።

ሻይ ቀዱልኝ። እኔም ገባሁ፣ ማየት ፈልጌ ነው። ስሟ ካሊ ነው አሉኝ፤ እሳቸው አገር "እናት" ነው የሚሏት። ማንም ወንድ እንዳይገድለው አማልክቱን ቃል ያስገባ ጎሽ መሳይ ጋኔን ዓለምን ያስጨንቅ ነበር። ወንድ ካልገደለው ሴት ትግደለው ተባለና አማልክቱ ሁሉ መሣሪያቸውን ለአንዲት ሴት አስረከቡ፤ በአንበሳ ተቀምጣ ሄዳ ጣለችው። ያቺ ሴት በሌላ ጦርነት ላይ ንዴቷ ሲበዛ ግንባሯ ጠቆረ፣ ከግንባሯም ይቺ ጥቁሯ ዘላ ወጣች። የገጠማት ጠላት ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ከደሙ አንዲት ጠብታ መሬት በነካች ቁጥር እሱኑ የሚመስል ሌላ ይነሳል። በቆረጡት ቁጥር በዛ። ካሊ ታዲያ ደሙ መሬት ሳይነካ በምላሷ እየተቀበለች ጠጣችው።

"ደም ትጠጣለች ማለት ነው" አልኩ። እሱን ብቻ ነው የያዝኩት።

"ራሶቹን ፍሪያቸው፣ አትፍሪያቸው እንደፈለግሽ" አሉኝ። "እናቴ ግን እያንዳንዱ ራስ አንድ ፊደል ነው ብላ ነው ያስቆጠረችኝ። ቀኝ እጆቿንም እዪ፤ አንዱ አትፍሩ ይላል፣ አንዱ እንኩ ይላል።"

"ምላሷስ? አሁንም ጠምቷት ነው?"

ዶክተር ሻያቸውን አስቀመጡ። "ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። እኛ ሰፈር ሴቶች ግን ሌላ ነው የምንለው። ጠላቶቿን ከጨረሰች በኋላ ማቆም አቃታት። ያገኘችውን ሁሉ መግደል ጀመረች፣ ወዳጅ የለ ጠላት የለ። ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። ባሏ መንገዷ ላይ ሄዶ ተኛ። ሳታየው ረገጠችው። እግሯ ስር ያለው የራሷ ሰው መሆኑን ያወቀች ጊዜ አፈረች፣ ምላሷን ነከሰች። እኛ አገር ሴት ስታፍር ምላሷን ነው የምትነክሰው። ይቺ ምስል የጦርነቷ አይደለችም። ያቆመችበት ሰዓት ናት።"

እኔ ምን አልኩ? "ጥሩ ተረት ነው" ብዬ ወጣሁ። ውጭ ስደርስ ምራቄን ተፋሁ።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጸጋነሽ ከዶክተር ቤት ስትወጣ አገኘኋት። እየሳቀች ነው። እጇ ላይ ከአጥራችን የተቀጠፈ ቀይ አበባ አለ። ግንባሯ መሃል ደግሞ ቀይ ነጥብ።

"ምንድን ነው ይሄ? ደም ነው?"

"ደም? ኧረ ቀለም ነው እታለም! ዛሬ የዶክተር በዓል ነው። አበባ ቀጥፌ ሰጠኋቸው፣ እኔንም ይቀቡኝ አልኳቸው፣ ቀቡኝ።"

ጎትቼ ወደ ቧንቧው ወሰድኳት። በሳሙና ሳሸው፣ በጨርቅ ስፈገፍገው ነጥቡ ጠፍቶ ቆዳዋ ራሱ ቀላ። "እታለም ያመኛል" ትለኛለች፣ እኔ እፈገፍጋለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ከደብተሮቹ መሃል አንዲት የክኒን ብልቃጥ ተንከባለለች። አንስቼ አነበብኩት። ምን እንደሆነ አወቅሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሚያዝያ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ዶክተር ናቸው ሆስፒታል የወሰዱኝ። የወንድማቸው ልጅ እንደኔ ናት፤ በየቀኑ ትወስዳለች፣ አሁን ሥራ ይዛለች፣ ወልዳለች። እንዳትናደጂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አንቺ ደግሞ በጾምሽ እንደዳንኩ መስክረሽ ነበር..."

ከሚያዝያ። እንግዲህ ጾሜ፣ ጉልበቴ፣ እልልታው ሁሉ ይህች ብልቃጥ ሆነ። እውነት ልንገራችሁ? በዚያች ደቂቃ ስለ እህቴ ነፍስ አልነበረም ያሰብኩት። እንደተዋረድኩ ነው የተሰማኝ። "ሴትየዋ ለጣዖቷ አሳልፋ ሰጥታሻለች" አልኳት። ብልቃጡን ይዤ ወደ ሽንት ቤት ሄድኩና ክኒኑን አንድም ሳላስቀር ደፋሁት። ጸጋነሽ ከኋላዬ ቆማ "እታለም አንዲት እንኳ፣ ለዛሬ ብቻ" እያለች ታለቅስ ነበር።

ለእናታችን አትናገሪ ብዬ አስማልኳት። ለዶክተርም እንዳትናገር፣ ወደ ሰርቪሱ እግሯ እንዳይደርስ። እህቴ እኔን ትፈራኛለች፤ ብታድግም ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝም አለች።

ሐሙስ ማታ ጾም አስጀመርኳት። አርብ ስትደክም ተቆጣኋት። ሌሊቱንም ጸልዪ እያልኩ እንቅልፍ ከለከልኳት። መድኃኒት በድንገት የቆመበት፣ ያልበላ፣ ያልተኛ አንጎል ምን እንደሚሆን እንኳን እኔ የትኛውም ተማሪዬ መጽሐፍ ገልጦ ሊያነብላችሁ ይችላል።

ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ልትደርስ በጠዋት ወደ ሆመቾ ሄደች። ዶክተርም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሩት ክፍል አላቸው፣ እስከ ስምንት ሰዓት አይመለሱም። ከጸሎት ቡድናችን ጓደኛዬን ታደለችን ጠራኋት። ጎረቤት እንዳይገባ የጊቢውን በር ከውስጥ በጓጉንቸር ቆለፍኩትና ቁልፉን ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ በእናቴ መለዋወጫ ቁልፍ የዶክተርን ቤት ከፈትኩ። ያቺን ሸክላ ከመደርደሪያው አነሳኋት። ቀላል ነበረች፣ እኔ ከባድ ትመስለኝ ነበር።

"ምህረት፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው" አለች ታደለች በሩ ላይ ቆማ። "ለወንጌላዊው ብንነግራቸው አይሻልም?"

"እሳቸው ሲመካከሩ እህቴ ትሙት?" አልኳት።

ጊቢው መሃል አስቀምጬ በድንጋይ መታኋት። መጀመሪያ ራሷ ሄደ፣ ከዚያ እጆቿ። ጸጋነሽ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታያለች። "አየሽ፣ ያሰረሽ ይኸው ተሰበረ" አልኳት። "ነይ አሁን።"

"እታለም፣ ዓይኔ እየበራ እየጠፋ ነው" አለች። ከመውደቋ በፊት ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነው። አውቀዋለሁ። ሰባት ዓይነት ምልክቷን አውቃለሁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የያዝኳት።

እጇን ይዤ ወደ መሃል አመጣኋት፤ እንደቆመች ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተቀለበሰና ወደቀች።

ድሮ ስትወድቅ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያልፍላት እጠብቅ ነበር። ያን ቀን ግን "ተገለጠ! ተገለጠ!" ብዬ ጮህኩ። በኢየሱስ ስም ውጣ አልኩ። ታደለችም መጸለይ ጀመረች፣ ድምጿ ግን ይሰባበራል። ጸጋነሽ መሬቱን በጀርባዋ ትደበድባለች፣ ጥርሷ ይፋጫል። አልቆመም። ድሮ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ አልቆመም። እኔ በቆየ ቁጥር የሚብስብኝ እልህ ነው። እባቡንና ጊንጡን ትረግጣላችሁ ተብሏል አይደል? ስንዘምረው፣ ስንሰብከው፣ መሬቱን በእግራችን እየደቃን ስንጸልየው ኖረናል። "እረግጥሃለሁ!" አልኩና እግሬን አንስቼ እህቴ ደረት ላይ አሳረፍኩት። ጫማ አድርጌያለሁ። ክብደቴንም ጣልኩበት።

"ምህረት ተይ! ምህረት!" ታደለች ክንዴን ጎተተችኝ። በክርኔ መታኋት።

ያኔ ነው በሩ የተንኳኳው። ዶክተር ከሰዓታቸው ቀድመው ተመልሰዋል፣ ጩኸታችንንም ሰምተዋል። "ማሚ! ጸጋ!" እያሉ ይጣራሉ፤ እናቴን ማሚ ነው የሚሏት። አልከፈትኩም። "እንዳትከፍቺ" አልኳት ታደለችን፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ እያለ። ማንኳኳቱ ቆመ። ሄዱ ብዬ ስተነፍስ በጓሮ በኩል አጥሩ ተንኮሻኮሸ። የእኛ አጥር እሾህ ነው፣ በግ አያልፈውም። ያቺ ኮቴዋ የማይሰማ ሴትዮ በእሾህ መሃል ጥሳ ወጣች። ሻርፓቸው እዚያው ቀርቷል፣ ሁለቱም ክንዳቸው ተቧጭሮ ይደማል፣ ጸጉራቸው ተበትኗል።

ስብርባሪውን አዩት፤ በላዩ ተራምደው አለፉ። ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩትም። ቀጥታ ወደ ጸጋነሽ ሄደው ገፈተሩኝ፣ ተንበረከኩ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ቦርሳቸውን ጭንቅላቷ ስር አደረጉ። ሰዓታቸውን አዩ።

"መቼ ጀመረ?" አሉ በእንግሊዝኛ።

ታደለች እያለቀሰች "ቆይቷል፣ በጣም ቆይቷል" አለች በአማርኛ። እሷን ተረዷት።

"ክኒን የት?"

"ደፋሁት" አልኩ።

"መቼ?"

"ሰኞ።"

ተነሱ። "ቁልፍ" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "ሆስፒታል። ቁልፍ ስጪ።"

"አትወጣም" አልኩ። "ጋኔኑን አንቺ ነሽ ያመጣሽው! አንቺ!" እናቴ የምታከብራቸውን፣ እኔም አራት ዓመት አንቱ ያልኳቸውን ሴት አንቺ አልኩ። በጥፊ መቱኝ። እኔ ደግሞ ገፋኋቸው። ጉልበተኛ ነኝ፣ ወጣት ነኝ፤ ወደ ኋላ ተፈንግለው ስብርባሪው ላይ ወደቁ። መዳፋቸው ተቆረጠ። ተነሱና እንደገና እጃቸውን ዘረጉ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ። እንደገና ገፋኋቸው። እንደገና ተነሱ። በራሳቸው ቋንቋ ነበር የሚጮሁት፣ አንድ ቃል አልገባኝም። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ አልመጡብኝም። በሚደማ እጃቸው ወደ ጸጋነሽ ደረት አመለከቱ።

ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። መሃሉ ላይ የጫማዬ ሶል ከነጥርሱ በአፈር ታትሟል።

ከዚያ ፊቷን አየሁ። ምላሷ በጥርሷ መሃል ወጥቷል፣ ነክሳዋለች፣ ደሙ በአገጯ ይወርዳል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ኦክስጅን ሲያንስ ከንፈር ሰማያዊ ይሆናል፤ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፣ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። ዶክተር የነገሩኝ ተረት በዚያ ሰዓት ትዝ አለኝና እኔም አፍሬ ምላሴን ነከስኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልነከስኩም። እንደ ድንጋይ ነው የቆምኩት። ቁልፉን ከኪሴ ያወጣችው ታደለች ናት፤ እኔ አልሰጠሁም፣ አልከለከልኩምም። የማስታውሰው ይህንን ነው። እህቴን ለማዳን እጄን እንኳ አላነሳሁም።

ከሐሙስ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ታደለች እየነገረቻቸው ዶክተር ጸጋነሽን ታቅፈው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተጠጋሁ። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። መርፌ እያዘጋጀ ጠየቀ፤

"ስንት ደቂቃ ሆናት?"

"አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው" አልኩ።

አዎ፣ ዋሸሁ። እህቴ አልጋው ላይ እየተንፈራገጠች፣ ሐኪሙ በምለው ላይ ተመሥርቶ ሊያክማት፣ ዋሸሁ። ለምን? አላውቅም። ለስሜ ይመስለኛል።

"ውሸት" አሉ ዶክተር ከኋላዬ በአማርኛ። "እኔ ገባሁ፣ ሰዓት አየሁ። ከዚያ ሃያ ሰባት ደቂቃ። በፊትም አለ። ክኒን አምስት ቀን የለም። ምግብ የለም።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። "እህቷ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ውጪ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ማምሻውን እናቴ ከሆመቾ ደረሰች፣ ታደለች ደውላ ነግራታለች። እናቴ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል፣ በሀዲይኛ ነው የምትቆጣው። ያን ቀን ግን በሁለቱም አልተናገረችኝም። በአጠገቤ አልፋ ገባች። ወንጌላዊያችን በማግስቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ጸልዪ ማለቱን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ክኒኑን ድፊ ያለሽ ማነው?" አሉኝ። ማንም አላለኝማ።

ጸጋነሽ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ስትናገር ቃሉን የምትፈልገው ከሩቅ ነው። አንጎል ያን ያህል ጊዜ ሲናጥ የሚጎዳው ይጎዳል፣ ወጣቱ ሐኪም ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ከምስለው የተሻለ ሳለው።

ኤርሚያስም መጣ። ነገሩን ከእኔው አፍ ሰማ። "ስለ በሽታው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ምንም አልልም ነበር" አለኝ። "አሁን ግን እኔ ብታመም ምን እንደምታደርጊኝ አወቅሁ።" ሽማግሌዎቹ አልመጡም። አልፈረድኩበትም።

ዶክተር ውላቸው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት ሰርቪሱ በር ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ ለመንኳቸው። ስለ ሸክላዋ ስጀምር አቋረጡኝ። "እሷ ጭቃ ናት፣ በየዓመቱ ሠርተን ወንዝ እንጥላታለን" አሉ። ሌላ ነገር ይጨምሩ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። "ስለ ልጅቷ እኔን አትጠይቂኝ" አሉና በሩን ዘጉት። አልገላገሉኝም።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ሃይማኖት ልትለውጪ ነው ወይ ብላችሁ ከሆነ፣ አይደለም። ለዚያች ጥቁር ሴት አልሰገድኩም፣ አልሰግድምም። ዛሬም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አመልካለሁ። ግን ያኔ ራሴን ለእግዚአብሔር የምዋጋ አድርጌ ነበር የማየው፤ የሚዋጋ ሰው ደግሞ እግሩ ስር ማን እንዳለ አያይም። ክፉ ሰው ጨካኝ ሲሆን አንዳንዴ ይደክመዋል። እኔ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ስለነበር አልደከመኝም። ቤታችሁ ውስጥ የሚጥለው ልጅ ያላችሁ፣ የደበቃችሁ፣ ስማችሁን የምትጠብቁ፤ ጸልዩ፣ ማን ከለከላችሁ? ክኒኑን ግን አትንኩ። ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አትሽሹት፣ አትጫኑት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ሩጡ። ይህችን ያህል ለመጻፍ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ጊቢው ውስጥ እኔና ጸጋነሽ ብቻ ነን። አጥባታለሁ፣ ፀጉሯን እሠራለሁ፣ ቡላ አፍልቼ አጠጣታለሁ፣ ማታ ማታ ስለ ተማሪዎቼ አወራላታለሁ፣ አንዳንዴ ትስቃለች። እናቴ በሞተች በሳምንቱ ክኒኗን በመዳፌ ይዤ፣ በሌላው እጄ ውሃ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን የምትሰጣት እናታችን ነበረች። ጸጋነሽ መዳፌን ረጅም ጊዜ አየችው። ቃሉን ፈልጋ እስክታገኝ ጠበቅኋት።

"እታለም" አለችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው። ክኒን ግን... ካንቺ እጅ አልወስድም።"

ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች ሥራ ከመግባታቸው በፊት ብቅ ይላሉ። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ። ክኒኑን እሳቸው ይሰጧታል፤ እኔ እስክትውጠው ድረስ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ።